ስምንት ጠርሙስ ወደ ሰመራ

አንዳንድ ሰው ተምሮ አዋቂ ይባላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በስህተት አዋቂ ይባልና ማስተባበል እያፈረ ዕድሜውን ይጨርሳል። እኔ ከኋለኞቹ ነኝ። ሰመራ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ከመጠጥ ጋር ያለኝ ዝምድና የማንም ሰው ያህል ነው፤ ቢራ ከቀረበልኝ እጠጣለሁ፣ ካልቀረበልኝ ስለ ጤና አወራለሁ። እንዲህ ያለው ሰው «ቀማሽ» ተብሎ፣ ጠርሙስ ታቅፎ፣ በአፋር በረሃ እንዴት እንደተንከራተተ ነው የምነግራችሁ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከአንድ ሠርግ ነው። ሰመራ ከመዛወሬ በፊት አዋሽ ከተማ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ያኔ ቤት የተከራየሁት ታደሰ ከሚባል ሰው ግቢ ነበር። ታደሰ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ደጋ አገር አንድ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በጠማቂነት ሠርቶ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ሚስቱ አስናቀች ከግቢው ፊት ትንሽ ግሮሰሪ አላት። እና በዚያ ሠርግ ላይ ከታደሰ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ቢራ ቀረበልን። እኔም ከመጎንጨቴ በፊት ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ፣ «ይቺ ቢራ ፀሐይ ላይ ውላለች» አልኩ።

ታደሰ የራሱን አሸተተ። ከዚያ እኔን ዞሮ ዓይኔን ሳይሆን አፍንጫዬን አየ።

«እውነት ነው» አለ። «ይህንን ለይተን ለማወቅ እኛ ስንት ጊዜ ሠልጥነናል። አንተ በዚህ አፍንጫ ኬሚስትሪ ታስተምራለህ?»

እውነቱን ልንገራችሁ። ወደ ሠርጉ ስገባ የቢራው ሳጥን ሜዳ ላይ ተቆልሎ ፀሐይ ሲመታው አይቻለሁ። ያሸተትኩት በዓይኔ ነው። ያኔውኑ ይህን ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ሙገሳ ለስላሳ ፍራሽ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ቶሎ አይነሣም።

ሰመራ ከተዛወርኩ በኋላም ታደሰ አልረሳኝም። ዘንድሮ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ደወለልኝ።

«በርሜሎቹ ውስጥ ያለው ደርሷል» አለኝ። «አንተ ሳትቀምስ ለማንም አላሳይም።»

በርሜል ስላችሁ የናፍጣውን እንዳታስቡ። አሜሪካ ውስጥ ቡርቦን የሚሉት ውስኪ አለ፤ ከበቆሎ የሚወጣ በመሆኑ የበቆሎ አረቄ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። ይህ ውስኪ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የእንጨት በርሜል ነው የሚቀመጠው። አንድ በርሜል ለቡርቦን አንዴ ብቻ ካገለገለ በኋላ ለዚያ ሥራ ሁለተኛ አይፈለግም። ጡረታ የወጣው በርሜል ታዲያ ዓለምን ይዞራል። ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ይገዙትና ቢራቸውን ለወራት ያስተኙበታል፤ ቢራውም እንጨቱ ውስጥ የቀረውን የውስኪውን መዓዛ እየሳበ ይወጣል። ታደሰ ይህን የሰማው ፋብሪካ ሳለ ከአንድ የውጭ አገር ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲያ ሕልሙ ሁሉ በርሜል ሆነ።

በርሜሉ አዋሽ እንዴት መጣ እንዳትሉ። አንድ ባለሀብት አዋሽ አጠገብ ሎጅ ሊከፍት ብሎ፣ ለመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ እንዲሆኑ እነዚህን ባዶ በርሜሎች በጅቡቲ በኩል አስመጣ። ሎጁ ሳይከፈት ቀረና ዕቃው ተሸጠ። አብዛኞቹ በርሜሎች ለሁለት ተሰንጥቀው አበባ ተተከለባቸው። ሁለቱን ታደሰ ከመጋዝ አስጣለ።

በአንደኛው ጥቁር ቢራ ሞላበት። በሁለተኛው ሳይደር አደረገበት፤ ሳይደር ማለት ባጭሩ የፖም ጠጅ ነው። ፖሙ ከደጋ ሲጫን የተቀጠቀጠ፣ ነጋዴ «አይሸጥም» ብሎ የተወው ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዋሽ ደረስኩ። ታደሰ ከጓሮው የድንጋይ ክፍል ቆፍሮ፣ ወለሉን ከመሬት ዝቅ አድርጎ ሠርቷል። ሁለቱ በርሜሎች በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው፣ ወባ እንደያዘው ሰው ተጋድመዋል። በየሁለት ሰዓቱ ውሃ ካላፈሰሰባቸው እንጨቱ ይደርቅና ያፈሳል። ሙቀቱ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

«ከበርሜሉ በእንፋሎት የሚሄደውን፣ ፈረንጆቹ የመላእክት ድርሻ ይሉታል» አለኝ ታደሰ፣ ቀጭን ቱቦ ወደ በርሜሉ እያስገባ። «የአዋሽ መላእክት ግን በጣም ይጠማቸዋል መሰለኝ። አንድ አምስተኛውን ወስደዋል።»

ከዚያ ጥቁሩን ቢራ በብርጭቆ ሰጠኝ። ተጎነጨሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ጣፋጭ ነበር። የዳቦ ቅርፊት ይላል፣ የተቃጠለ ስኳር ይላል፣ ከበስተኋላ ደግሞ አዲስ የተላገ ጣውላ ይሸታል። «ጥሩ ነው» ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? ነገር ግን ታደሰ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። ዓይኔን ጨፈንኩና፣ «ጀርባው ላይ ትዝታ አለው» አልኩ።

ታደሰ ጻፈው።

ሳይደሩ መጣ። ከንፈሬን ሲነካ መንጋጋዬ ተቆለፈ፤ ሁለቱም ጆሮዎቼ ወደ ኋላ የሄዱ መሰለኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አልኮመጠጠም?» አለኝ ታደሰ በስጋት። «ለእኔ የኮመጠጠ ይመስለኛል።»

በሕይወቴ ሳይደር ቀምሼ አላውቅም። ግን ያ ሰው ባለፉት ወራት ሰውነቱ መንምኖ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ፊቴ ቆሟል። «ወጉ ነው» አልኩት። «ሳይደር እንዲህ ነው። ባሕርይ አለው።»

ታደሰ ይህንንም ጻፈ። ትንሽም ፈገግ አለ። እኔም በውሸቴ ደስ አለኝ፤ ውሸት ሰውን ሲያስደስት ምጽዋት ይመስላል።

ግሮሰሪው ውስጥ ስቀመጥ አስናቀች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ብዙ የማትናገር ሴት ናት።

«መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ የጥበቃ ሥራ አግኝቶለታል። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣ ብለውታል። ሴትዮዋ እምቢ ካለች ይሄዳል። ልጃችን ገና ሰባተኛ ክፍል ናት። አባቷ በስልክ ሊያሳድጋት ነው።»

ሴትዮዋ ያለቻት ወይዘሮ ሰብለን ነው። ወይዘሮ ሰብለ ለሆቴሎች መጠጥ የምትመርጥ የአዲስ አበባ ሴት ናት፤ ሰመራ ላይ ሊከፈት ለተዘጋጀ ሆቴል ዕቃ ልታይ መጥታ ነበር። ታደሰ በሰው በሰው አግኝቷት፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራት ጠርሙስ ቢራና አራት ጠርሙስ ሳይደር እንዲያመጣላት ተነጋግረዋል። እሱ ግን ከበርሜሉ መለየት አይችልም፤ አንዱ ጣውላ ማንጠባጠብ ጀምሯል። በዚያ ላይ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም አፉ ይተሳሰራል።

«አንተ መምህር ነህ» አለኝ። «ስለ ጣዕሙም ታስረዳታለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ስምንቱ ጠርሙሶች በበረዶ ሳጥን ውስጥ ናቸው። አስናቀች በየጠርሙሱ ላይ «ቢራ»፣ «ሳይደር» ብላ በቆንጆ እጅ ጽፋ ወረቀት ለጥፋለች። ታደሰ ሦስት ጊዜ፣ «ከበረዶው እንዳታወጣቸው» አለኝ። ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» ብያለሁ።

አዋሽ አርባን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሳጥኑን ከፈትኩ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ ወረቀቶቹ ረጥበው እየተላጡ ነው። ጠርሙሶቹ አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው፤ ወረቀቱ ከለቀቀ ቢራውን ከሳይደሩ በምን እለያለሁ? በዚያ ላይ የአስናቀች ቆንጆ ጽሑፍ ሲበላሽ ያሳዝናል። አሰብኩና፣ ወረቀቱ እንዲደርቅ ጠርሙሶቹን አውጥቼ በካርቶን ደረደርኳቸው። ካርቶኑን ደግሞ እንዳይናጥ ብዬ፣ በእኔና በሾፌሩ መካከል ባለው በሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። የሞተር ክዳን በዚያ አገር ምን ያህል እንደሚግል የሚያውቅ ያውቃል። ተማሪዎቼን «ሙቀት ሲጨምር የጋዝ ግፊት ይጨምራል» ብዬ አስተምሬ፣ ፈተና አውጥቼ፣ የተሳሳተውን ቀንሼበታለሁ።

በስተቀኜ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወሎዬ ናቸው፤ ሎግያ ሱቅ አላቸው። ከሱሪያቸው ላይ ነጭ፣ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ጀለቢያ ለብሰዋል። የወንድማቸው ልጅ ኒካህ ሰመራ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀጥሎ ይታሰራል፤ አባቷ በሕይወት ስለሌለ ወሊዋ፣ ማለትም ዳሪዋ፣ እሳቸው ናቸው። ሻንጣቸው በሌላ መኪና ቀድሞ ሄዷል።

«ካርቶኑ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የትምህርት መሣሪያ ነው» አልኳቸው። ምን እንድል ትፈልጋላችሁ?

ገዋኔ ልንደርስ ስንል አንድ ነገር ጧ አለ። ሾፌሩ ዓሊ፣ ቁጥብ የአፋር ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ወርዶ አራቱንም ጎማ እየዞረ ረገጠ። ተመልሶ ገባ።

«ጎማ ደህና ነው» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ።

እኔም ጎማ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ የተቀመጠች ሴት፣ «ዳቦ የያዘ ሰው አለ? ዳቦ ዳቦ ይላል» አለች። ያን ጊዜ ካርቶኑን ነካሁት። ረጥቧል። ቀስ ብዬ ክዳኑን ሳነሣ ሁለተኛው ፈነዳ። ቆርኪው ጣሪያውን መትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አረፋው ፊቴ ላይ አረፈ። ዓሊ እንደገና ቆመ። አሁን ጎማውን አላየም፤ እኔን አየኝ።

ሸሚዜን አውልቄ ካርቶኑን ጠቀለልኩት፤ እንዳይረጭ ብዬ ነው። ሦስተኛውን ጠርሙስ ግን ሸሚዝ አላስቆመውም። ሸሚዜን ቀዶ፣ ጥቁሩ ቢራ በሙሉ ቀስት ሠርቶ ሐጂ እንድሪስ ደረት ላይ ፈሰሰ።

ሐጂ ወደ ጀለቢያቸው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ።

«ምን ዓይነት ትምህርት ነው የምታስተምረው?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ። ቢራ ነው። ዋሸሁዎት።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቁጣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝምታቸው ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ።

የቀረውን ካርቶን ምን እናድርገው? ተሳፋሪው «ይጣል» አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለ ታደሰ ነገርኳቸው፤ ስለ በርሜሎቹም፣ አዲስ አበባ ስለሚጠብቀው የጥበቃ ሥራም፣ ስለ ሰባተኛ ክፍሏ ልጅም። ሳወራ አልዋሸሁም፤ ለዚያ ቀን አዲስ ነገር ነው። ቆጠርኩ፤ ከቢራው አንድ ቀርቷል። ሳይደሮቹ አራቱም ምንም አልሆኑም። ጨዋነታቸውን በልቤ አመሰገንኩ፤ ለምን ዝም እንዳሉ ግን አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ የተናገረው ዓሊ ነው።

«ፈንጂው አንድ ነው የቀረው?»

«አንድ።»

«መኪናዬ ውስጥ አይቀመጥም። ውጭ ግን ነፋሱ የአላህ ነው።»

ከወንበሩ ሥር ጨርቅ አወጣ፤ ውሃ አራሰው፤ ጠርሙሱን በጨርቁ ጠቅልሎ ከጎኑ መስተዋት ላይ፣ የሚጠጣው ውሃ ከተንጠለጠለበት አጠገብ አሰረው። እርጥብ ጨርቅ በነፋስ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የበረሃ ሾፌር ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ መጽሐፍ ላይ።

ሚሌ ኬላ ስንደርስ ፈታሹ በሩን ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባ፤ ወዲያው መለሰው።

«ማነው የጠጣው?»

ፈታሹ አንድ በአንድ እየተጠጋ አሸተተ። ሽታው እየመራ ሐጂ እንድሪስ ፊት አደረሰው። ሽበታቸውን አየ፣ መቁጠሪያቸውን አየ፣ ግራ ተጋባ።

«ልጄ» አሉት ሐጂ በቀስታ፣ «የጠጣው ጀለቢያው ነው። እኔ አልጠጣሁም።»

ፈታሹ ሳቁን ለመደበቅ ዞረ። በሐጂም ከንፈር ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ታየ። ከዚያ ወዲያ መተንፈስ ቻልኩ።

እዚያው ሚሌ ጀሪካን ውሃ ገዝቼ ጀለቢያውን አጠብኩት። ሦስት ጊዜ አጠብኩ። በዚያ ፀሐይ ለመድረቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ግን ደረቱ ላይ ቡናማ እድፍ ቀረ፤ የእንጨቱና የውስኪው ሽታም ሙልጭ ብሎ አልለቀቀም።

«ታጥቧል፤ ነጃሳው፣ ርኩሱ፣ ሄዷል» አሉ ሐጂ። «አላህ ያውቃል። የሙሽራው ዘመዶች ግን አያውቁም።»

ሻንጣዬን ከፈትኩ። ለወይዘሮ ሰብለ ብዬ ያስተኮስኩት ሸሚዝና ኮት አለ። አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እሳቸው ትንሽ ሰው ናቸው፤ እኔ ረጅም ነኝ። ኮቱ እጃቸውን እስከ ጣታቸው ዋጠው። አስናቀች ለመንገድ ያስፈልግሃል ብላ የሰጠችኝ መርፌ ቁልፍ ኖሮ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፌ ያዝኩላቸው። ከሩቅ ሆነው ሲያዩዋቸው ሚኒስትር ይመስላሉ።

«አንተስ?» አሉኝ። ከወገቤ በላይ ራቁቴን ነበርኩ። «በል፣ ጀለቢያዬን ልበስ።»

ጀለቢያው ለእኔ እስከ ቅልጥሜ ደረሰ። ከሥሩ የሱሪዬ እግር ይታያል። እንዲህ ሆኜ ነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቢራና አራት ሳይደር ይዤ ወይዘሮ ሰብለ ፊት የቀረብኩት።

ወይዘሮ ሰብለ ከአምሳ ዓመት በላይ የሆናት፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ናት። አለባበሴን ከላይ እስከ ታች አየች። ወንበር አሳየችኝ። ቢራውን ከፍታ ብርጭቆ ላይ ቀዳችና ረጅም ጊዜ አሸተተችው። እኔ ንግግሬን ጀመርኩ።

«ይህ ቢራ፣ ወይዘሮ ሰብለ፣ ጀርባው ላይ—»

«ቆይ» አለችኝ፤ እጇን ብቻ አንሥታ። ተጎነጨች። በአፏ አዟዟረችው። ዋጠችው። ደግማ ተጎነጨች።

«ይህን የጠመቀው ማነው?»

«ታደሰ ይባላል። አዋሽ ነው።»

«ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ግን መፍላቱን ሳይጨርስ አሽጎታል። በመንገድ ላይ አልፈነዳብህም?»

ጀለቢያዬን ተመለከትኩ። እሷም ተመለከተችው።

ሳይደሩን ከፈተች። ገና ሳትቀምስ ወደ ኋላ አለች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«አንተ ይህን ቀምሰኸዋል?»

«አዎ። ባሕርይ አለው።»

«ምን ነበር የምታስተምረው?»

«ኬሚስትሪ።»

«አልኮል ሙቀትና አየር ሲያገኝ ምን ይሆናል?»

ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። «አሴቲክ አሲድ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪዎቼ ወደ ውስጥ ገባ።

«በአማርኛ?»

«ኮምጣጤ።»

«ኮምጣጤ» አለች። «ያውም በጣም ጥሩ ኮምጣጤ። እንደዚህ ያለ ከውጭ ነው የሚመጣልን።» ለዚህ ነበር ሳይደሮቹ መኪና ውስጥ የጨዋ ልጅ የሆኑት፤ የሚፈላ ነገር አልቀረባቸውም። «እኔ በአንድ ጠርሙስ አልወስንም። ነገ በአዋሽ በኩል ነው የምመለሰው። በርሜሉን ልየው።»

እሺም እንቢም አላለችም። ማታውን ታደሰ ጋ ደወልኩ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ጠርሙሶቹን ከበረዶ እንዳወጣሁም ነገርኩት። ከዚያ የሠርጉን ነገር፣ የፀሐዩን ሳጥን፣ ትዝታ የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣሁት፣ ሁሉንም አወጣሁት።

«ቀማሽ አይደለሁም፣ ታደሰ። መቼም ሆኜ አላውቅም።»

በስልኩ ውስጥ ውሃ ጆንያ ላይ ሲፈስ ሰማሁ።

«ሳይደሩን የቀመስክ ለት አውቄያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዓይንህ ሲያለቅስ አይቻለሁ እኮ። መኮምጠጡንም አውቃለሁ፤ ግን አንድ ሰው እንዲያጽናናኝ ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ ጠርሙሱን ለምን ለእኔ አደራ ሰጠኸኝ?»

«ሌሎቹ በበርሜሎቹ ሲያሾፉብኝ ነው የከረሙት። አንተ ግን ስጠራህ ትመጣለህ።»

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ሰብለ ካረፈችበት በር ላይ አብሬያት አዋሽ ልሄድ ስጠብቅ ሐጂ እንድሪስ መጡ። ኮቴና ሸሚዜ ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ታጥፈው በእጃቸው ናቸው። ኒካሁ አምሯል። የሙሽራው አጎት ኮቱን ከየት እንዳሰፉት ጠይቋቸዋል።

«ያ ሰውዬስ? የበርሜሉ?» አሉኝ።

ስለ ቢራው ዝም ብዬ፣ የፖሙ ጠጅ ወደ ኮምጣጤ እንደተለወጠ ነገርኳቸው። ቅንድባቸው ተነሣ።

«በራሱ ነው የተለወጠው? ሰው ምንም ሳይጨምርበት?»

«በራሱ። ሙቀቱ ነው።»

«እንግዲያውስ እኛ ኸል የምንለው ኮምጣጤ ነው። በራሱ ኸል ከሆነ ለእኛ ሐላል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሸኻችንን ልጠይቅና፣ እሺ ካሉ ለሱቄ እፈልገዋለሁ። ለሰላጣ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፣ «ስታመጣው ግን በሞተር ላይ አታስቀምጠው።»

ወይዘሮ ሰብለ አዋሽ ስንደርስ ምሳ እንኳ አልበላችም፤ ቀጥታ ወደ ጓሮ ገባች። ታደሰ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ያብሳል። እንደፈራሁት አፉ ተሳስሯል። ሰላምታ እንኳ ራሱን በመነቅነቅ ነው የሰጣት። እኔ ልናገርለት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ዘጋሁት። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ዋናው ይህ ነው።

እሷም በርሜሉ አጠገብ ደረሰች። እጅጌዋን ጠቀለለች፤ ጎንበስ ብላ በርሜሉን በጣቷ አንኳኳች፤ የሚያንጠባጥበውን ጣውላ በመዳፏ ዳሰሰች።

«ይህን በምን ደፈንከው?» አለችው።

«በሰም» አለ ታደሰ። «የንብ ሰም ከሸንበቆ ልጥ ጋር።»

«ማን አሳየህ?»

«ማንም። መጀመሪያ በጨርቅ ሞከርኩ፤ ሽታ ሰጠው። ከዚያ...» አለና ቀጠለ። ስለ እንጨቱ ጀመረ፣ ወደ ብቅሉ ሄደ፣ ሌሊት ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ በርሜሉ እንዴት ቢራውን እንደሚተፋ፣ ቀን ሲሞቅ እንዴት እንደሚጠጣው ነገራት። ደጋ ላይ ዓመት የሚፈጀው እዚህ በጥቂት ወር የሚደርሰው ለዚያ ነው አላት። ያ አፉ የሚተሳሰር ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ አወራ። እሷ አልፎ አልፎ ብቻ ትጠይቀዋለች፤ ስትቀምስ ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ዝም ይላሉ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ዝንብ አባረርኩ። በዚያ ጉዳይ ላይ ከዚህ የተሻለ አስተዋጽኦ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሰብለ ደብተሯን አወጣች። ቢራው ተጨማሪ አንድ ወር በርሜሉ ውስጥ ይቆይ፤ በጠርሙስ አይታሸግ፤ ሲደርስ በትናንሽ የብረት በርሜል ይቀዳና የሰመራው ሆቴል ይሞክረው። ከተወደደ አዲስ አበባ ላሉትም ትወስዳለች። የሚታሸግበትን መንገድ የሚያሳየው ሰው ትልክለታለች። ኮምጣጤውን ከሐጂ የተረፈውን እሷ ትወስዳለች። «ሀብታም ትሆናለህ አልልህም» አለችው። «ነገር ግን ይህን የጀመርከውን እንዳትተወው።»

መኪናዋ አስፋልቱን ይዛ እስክትጠፋ ግሮሰሪው ደጃፍ ላይ ቆመን አየናት። ታደሰ ወደ ውስጥ ገባና ስልኩን አነሣ። አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ ጋ ነበር የደወለው። አስናቀች ከባንኮኒው ኋላ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደክማችሁልኛል» አለ ታደሰ። «ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡልኝ። አዎ... አይ፣ ተቀይሜ አይደለም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሥራ ላይ ስለሆንኩ ነው።»

አስናቀች ቀና አላለችም፤ ማጠቧንም አላቋረጠችም። ብቻ ያንኑ አንድ ብርጭቆ ነበር ደጋግማ የምታጥበው።